ጀልባ የምትባል ከተማ

አሞራ ገደል የደረስነው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ገብተው መረብ ይራገፋል። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራ ጭንቅላታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ የዕድር ስብሰባ እንደረፈደባቸው ሽማግሌዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ከፊታችን አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቆሮሶ ያዘጋጃል። በቢላው ጫፍ ቆዳውን ትንሽ ከፈት ያደርግና ጫፏን በጥርሱ ነክሶ ይስበዋል። ቆዳው እንደ ካልሲ ሙልጭ ብሎ ይወልቃል። ልጁ ተፍ ይልና ሁለተኛውን ያነሳል። እኔ አፌን ከፍቼ እሱን ሳይ፣ ጋሼ በከዘራቸው አንዱን ጀልባ እያመለከቱ «ዉች» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ዉች። ጀልባ ማለት ነው በፖላንድኛ። የተማርኩባት ከተማ ስም ነው። የከተማዋ ዓርማም ጀልባ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ግን የላትም!» አሉና ሐይቁን በከዘራቸው ከዳር እስከ ዳር ገመገሙት።

ሐዋሳ ያመጣኝ የእሳቸው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ትንሽ የንባብ ምሽት ስለ ዩልያን ቱቪም ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። ቱቪም ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ የፖላንድ ባለቅኔ ነው። በእጄ ያለው በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳነበው ያለ ቅመም የተሠራ ወጥ ይሆንብኛል። ይህ ሰውዬ በቃላት ድምፅ የታወቀ ከሆነ ድምፁ የታለ? አንድ ወዳጄ ነው «ሐዋሳ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ኢንጂነር የነበሩ ጡረተኛ አሉ፤ ቱቪምን በፖላንድኛ በቃላቸው ይሉታል» ያለኝ። በማግስቱ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ ተሳፈርኩ።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ እያለ ይወርዳል። ባቱ ላይ ምሳ ስንበላ ረዳቱ አጠገቤ ተቀመጠና «ሀገርህ የት ነው?» አለኝ። አዲስ አበባ አልኩት። «እሱማ መኖሪያህ ነው። የአባትህ ሀገር?» የአባቴን ሀገር ነገርኩት። «እናትህስ?» ይሄኔ ሳቅኩ፤ እሱ ግን የምሩን ነው። በክፋት አይደለም፤ እንጀራ እየቆረሰ፣ ሰው ለመቀራረብ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ይህችኑ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ፣ የጠየቁት ሰዎች አብዛኞቹ እንጀራ እየቆረሱ አልነበረም።

ቱቪም እ.ኤ.አ. በ1894 ተወለደ። የትውልድ ከተማውን ስም በጽሑፍ ያየ «ሎድዝ» ብሎ ያነበዋል፤ ባለቤቶቹ «ዉች» ይሏታል። በ1820 ገደማ ከሺህ የማይበልጥ ሰው የነበረባት መንደር ነበረች። ከዚያ ጥጥ መጣ። ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ማቅለሚያ፣ የእንፋሎት ሞተር፣ ጭስ ማውጫ ተከተለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። ፖላንዳዊ፣ ጀርመናዊ፣ አይሁዳዊ፣ ሩሲያዊ ይኖርባታል፤ ገዢው የሩሲያ ቄሳር ነው። «የፖላንድ ማንቸስተር» የሚሏት ለዚህ ነው።

ጋሼ በጨርቃ ጨርቅ ሙያቸው ሐዋሳ ሲመደቡ ደስ ያላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። «ውሃውና ክሩ ባንድ ቦታ ተገኘልኝ» ይላሉ። ሐዋሳም ቢሆን የትናንት ከተማ ናት፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው የተቆረቆረችው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ማታ ላይ ፈረቃ ሲለቀቅ ከዙሪያው ወረዳ የመጡ ወጣት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ሞልተው ይወጣሉ። አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ በ2014 ዓ.ም. ካስወጣችን ወዲህ የሚወጣው ሰው ሳስቷል ይላሉ ጋሼ። «ዉችም እንዲሁ ነበረች። የጨርቁ ገዢ ራቅ ያለ ሀገር ነው። እሱ ካስነጠሰ ከተማው ይታመማል።»

የቱቪም አባት የባንክ ጸሐፊ ነበሩ። ቤታቸው የሚነገረው ፖላንድኛ፣ ትምህርት ቤት የሚነገረው ሩሲያኛ ነው። ልጁ ሒሳብ አይሆንለትም፤ አንድ ክፍል ደግሟል። ፊደልና ቃል ግን እንደ ጥሬ ይለቅማል። ገና በልጅነቱ ኤስፔራንቶ ተምሮ በዚያ ቋንቋ ግጥም ይሞክር ነበር። ኤስፔራንቶንም የፈጠረው ሌላ የፖላንድ አይሁዳዊ፣ ዛመንሆፍ ነው። ግራ ጉንጩ ላይ ትልቅ ማርያም የሳመችው ምልክት ነበረበት፤ በዚህ ስለሚያፍር ፎቶግራፍ ላይ ሁልጊዜ ቀኝ ጎኑን ያዞራል። ጋሼ ይህንን ሲነግሩኝ እሳቸውም ሳያውቁት ቀኝ ጉንጫቸውን ወደኔ አዞሩ።

በ1916 ለትምህርት ዋርሶ ገባ። በኅዳር 1918 ፖላንድ ነፃ ስትወጣ፣ በዚያው ወር መጨረሻ እሱና ጓደኞቹ አንድ ካፌ ከፈቱ፤ «በፒካዶሩ ሥር» ይባላል። ገጣሚዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው ለሕዝብ ያነባሉ፣ አድማጭ የመግቢያ ይከፍላል። የመጀመሪያ መድበሉም በዚያው ዓመት ወጣ። ስዎኒምስኪ፣ ኢቫሽኬቪች፣ ሌሆኝና ቪዬዢንስኪ አብረውት ነበሩ፤ ቡድኑ በኋላ ስካማንደር ተባለ። ፖላንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሀገር አልባ ስለነበረች ገጣሚዎቿ የሀገርን መስቀል ተሸክመው ኖረዋል። እነዚህ ልጆች መስቀሉን አውርደው ስለ ትራም፣ ስለ ፀጉር አስተካካይ፣ ስለ ጎዳና ጻፉ። ቱቪም ለካባሬ መድረክ ዘፈንና ቀልድ እየጻፈም እንጀራውን ይበላ ነበር። «ትልቅ ገጣሚ ለጭፈራ ቤት አይጽፍም» የሚሉ እዚያም አይጠፉም፤ እኔ ግን የእሱን ጆሮ የሳለው ካባሬው ይመስለኛል።

የቃል ሌባ ነበር። በ1921 ስላቫዊ የሚመስሉ፣ ግን የትም መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌሉ ቃላት ፈጥሮ በነሱ ግጥም ጻፈ። በ1935 ደግሞ የፖላንድ ሰካራሞችን መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ስለ መጠጥና ስለ ስካር የሚነገረውን ሁሉ ለቅሞ። ይህንን ማታ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለጠረጴዛችን ሰዎች ብነግራቸው ጨዋታው ወዲያው ወደ አማርኛ ተዛወረ። ቀምሷል። ሞቅ ብሎታል። ዞሮበታል። ጦዟል። ሰክሯል። ጥንብዝ ብሏል። ራሱን ስቷል። እስከ ዘጠኝ ቆጥረን በቅደም ተከተሉ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ፦ «ጦዟል» ከ«ሰክሯል» በፊት ነው በኋላ? ጋሼ ለስላሳቸውን እየጠጡ «በፊት ነው፤ የጦዘ ሰው ቤቱን ያውቃል» ብለው ፈረዱ። ቱቪም እዚያ ቢኖር ደብተር ያወጣ ነበር።

ጨዋታው ያስታወሰኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲባል ይርጋለም አለች፤ ገጣሚው ደበበ ሰይፉ በ1942 ዓ.ም. የተወለደባት። ልብ ወለድ ስንተነትን በቀን አሥር ጊዜ የምንጠራትን «መቼት» የሰጠን እሱ ነው ይባላል። መቼንና የትን ወስዶ፣ እንደ ክር ጠምዝዞ አንድ ቃል አደረጋቸው። ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ላይ ይጽፋታል፤ ማን እንደፈተላት አያስብም። በሚቀጥለው ቀን ጋሼን «ይርጋለም እንሂድ?» አልኳቸው። ጉልበታቸው አልፈቀደም። እኔም ለብቻዬ አልሄድኩም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ቱቪም እንዲህ ቋንቋውን እየፈተለ ሳለ ግን ሰው «የአባትህ ሀገር?» ማለቱን አልተወም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ብሔርተኛ ጋዜጦች ፖላንድኛ የሚጽፍ እንጂ የፖላንድ ገጣሚ አይደለም እያሉ ዘመቱበት። በ1929 ተራውን ሰው «የጦርነት ነጋሪት ሲጎሰም ከጀርባው የማን ኪስ እንዳለ እይ» የሚል መንፈስ ያለው ግጥም ሲያወጣ ደግሞ ከሃዲ ተባለ። በሌላ በኩል ከአይሁድ ጸሐፊዎች ወገኑን የካደ ያደረጉት ነበሩ። አንዱ በር «አንተ የኛ አይደለህም» ሲለው፣ ሁለተኛው «ከኛ ሸሸህ» ይለዋል። እሱ መልሱን በሦስተኛ ቋንቋ አልፈለገም፤ ለሁለቱም የመለሰው በፖላንድኛ ነው።

ከዚያችው ከዉች ሌላ አይሁዳዊ እኛ ዘንድ መጥቷል። ዣክ ፋይትሎቪች በ1881 እዚያ ተወልዶ፣ ፓሪስ ተምሮ፣ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ፤ ቤተ እስራኤልን ፍለጋ። የቤተ እስራኤሉን ወጣት ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ወስዶ አስተማረ፤ በኋላም ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እሱ ጎንደር ድረስ ወገኔን ብሎ ሲወጣ፣ ቱቪም የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ዉች ውስጥ ሒሳብ ያስጠላዋል። ስለ ወገን የነበራቸው መልስ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ቱቪምን ከኛ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ክር ፑሽኪን ነው። የሩሲያ ግጥም ማለት ለሱ ፑሽኪን ነበር፤ ዓመታት ፈጅቶ ተረጎመው፣ ትርጉሞቹን በ1937 በመጽሐፍ አወጣ። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብርሃም ሃኒባል ከአፍሪካ ተወስዶ ለታላቁ ጴጥሮስ የተሰጠ ልጅ ነበር። እኛ ከመረብ ማዶ ነው እንላለን፣ ካሜሩኖች ደግሞ የኛ ነው ይላሉ፤ አዲስ አበባ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ በስሙ አደባባይ ሰይማለታለች። አይሁዳዊው የአፍሪካዊውን የልጅ ልጅ ልጅ ለፖላንዶች ሲተረጉም ማንም «ንጹሕ ሩሲያዊ አይደለም» ብሎ መጽሐፉን አልመለሰም። ጋሼ እዚህ ላይ «ለሞተ ሰው ማን የዘር ሐረግ ይጠይቃል!» አሉኝ። እኔ እንኳ እንጠይቃለን ባይ ነኝ።

መስከረም 1939 ሂትለር ፖላንድ ሲገባ ቱቪም ወጣ። ሩማንያ፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ፖርቱጋል፣ ከዚያም በመርከብ ብራዚል፣ በመጨረሻ ኒው ዮርክ። በዚህ ስደት ውስጥ «የፖላንድ አበቦች» የሚለውን፣ ስለ ልጅነቱ ዉችና ስለ ጠፋችው ሀገሩ የተረከውን ረዥም ግጥም ጻፈ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተቀምጦ የጥጥ ፋብሪካ ጭስ የሚናፍቅ ሰው እሱን ብቻ አውቃለሁ።

እናቱ አዴላ ፖላንድ ቀርተው ነበር። በሚያዝያ 1944፣ በዋርሶ ጌቶ የታጎሩ አይሁዶች አመፅ አንደኛ ዓመት ሲታሰብ፣ «እኛ የፖላንድ አይሁዶች» የሚለውን ጽሑፍ ጻፈ፤ ፖላንድ ላሉት እናቱ ወይም ለሚወደው ጥላቸው ብሎ አበረከተው። «ወይም» ብሎ የጻፈው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ስላላወቀ ነው። እሳቸው ግን ጽሑፉ ከመጻፉ ሁለት ዓመት ግድም በፊት፣ በነሐሴ 1942፣ ከዋርሶ አጠገብ ባለችው ኦትፎትስክ በናዚዎች ተገድለዋል፤ አስከሬናቸው ከሰገነት ተወርውሯል።

ጋሼ ጽሑፉን ቤታቸው ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ፣ ከተቀደደ የፕላስቲክ ከረጢት ከወጣ አሮጌ መጽሐፍ እያነበቡ ወደ አማርኛ መለሱልኝ። ቱቪም ፖላንዳዊ የሆንኩት እንዲህ ስለምወድ ነው ይላል፤ ያደግሁት፣ የተማርኩት፣ ያፈቀርኩት፣ ግጥም የጻፍኩት በዚህ ቋንቋ ነው፤ ለዚህ ማስረጃ ሊጠይቀኝ የሚችል የለም። አይሁዳዊነቱን ሲያስረዳ ግን ወደ ደም ይመጣል። ደም ሁለት ዓይነት ነው ይላል፦ በደም ሥር ውስጥ ያለና ከደም ሥር የፈሰሰ። የመጀመሪያው የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ በሱ ሰውን የሚመድቡት ገዳዮች ናቸው። እሱን አይሁዳዊ ያደረገው ሁለተኛው ነው፤ በግፍ የፈሰሰው።

ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ዝም አሉ። ቡናውን የምታፈላው የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ ስለ ማን ነው?» አለቻቸው። «ስለ አንድ ሰው እናት» አሏት፤ መጽሐፉንም ዘጉት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጽሑፍ አላነሳንም። እኔም ረዳቱ ባቱ ላይ የጠየቀኝን ለሳቸው ለመንገር አስቤ ተውኩት።

ስለ ቱቪም የመጨረሻ ዘመን ብዙ የሚያኮራ የለም። በ1946 ወደ ፖላንድ ተመለሰ። አዲሱ የኮሚኒስት መንግሥት በክብር ተቀበለው፣ እሱም አወደሰው፤ የዚያ ዘመን ጽሑፉ የደከመ ነው ቢባል ስድብ አይደለም። ነገር ግን ሞት የተፈረደበት የተቃራኒ ወገን ታጋይ እንዲማር ፕሬዚዳንት ቢዬሩትን ለምኖ የሰው ነፍስ አትርፏል፤ የእናቱንም አጽም አፈላልጎ ዉች ውስጥ በአይሁዶች መቃብር አሳረፈ። እሱ በታኅሣሥ 1953 ዛኮፓኔ በምትባል የተራራ ከተማ ልቡ ቆሞ ሞተ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እኔን ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣኝ ግን «ሎኮሞቲቫ» የተባለው የልጆች ግጥሙ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህንን ባቡር ሳይሰማ ያደገ የፖላንድ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ከባድ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሟል፤ ላብ በላብ ሆኗል። ፉርጎዎቹ በሰውና በከብት፣ በዝሆንና በቀጭኔ፣ በፒያኖ ተሞልተዋል። ከዚያ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ይፈጥናል፣ ይበርራል። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ጥበቡ ያለው ቃላቱ ራሳቸው ጎማ መሆናቸው ላይ ነው፤ እየተነበበ ባቡር ይሰማል።

ጋሼ ዉች ሲገቡ ዓመቱ 1970ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ከተማዋ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ተማሪዎች ቋንቋ የሚያስተምር ተቋም ነበራት። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከዓረብ ሀገር የመጣ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ እዚያ አንድ ዓመት ምላሱን ይታጠባል። መምህርቷ ይህን ባቡር በቃል እንዲያጠኑ አዘዘቻቸው። የፖላንድኛ ሽ፣ ች፣ ዥ የሌላውን ሀገር ተማሪ ሲያንቀው፣ ከአማርኛ የመጡት ግን ሽ፣ ችና ዥ አብረዋቸው ያደጉ ፊደሎች ናቸውና ቶሎ አለፉ። «መምህሯ የሐበሻ ምላስ የተሠራው ለፖላንድኛ ነው ትለን ነበር» ብለው ሳቁ።

እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠን አንዴ እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ቀስ ብለው ጀመሩ፤ የጡረተኛ ድምፅ ነው፣ ትንፋሹ ያጥራል። መሀል ላይ ሲደርሱ ግን ከዘራው መሬት መምታት ጀመረ፤ ቀጥሎ እግራቸው፤ ቀጥሎ ትከሻቸው። አሳ ሻጩ ልጅ፣ ያ ቆዳ በጥርሱ የሚገፈው፣ ቢላውን እንደያዘ መጥቶ ቆመ። ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ተከተሉት። ሐዋሳ ባቡር የላትም፤ እነዚህ ልጆች ባቡር በስልክ ካልሆነ አላዩም። ጋሼ ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ «ምን ነበር ያልኩት?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

«ባቡር» አለ ልጁ።

አንድም ቃል አልተረጎሙለትም። እኔ ፎቶ ኮፒዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

ከሰዓት በኋላ «ለምን ወደ አማርኛ አይመልሱትም?» አልኳቸው። ምክንያት ደረደሩ። አርጅቻለሁ፣ ገጣሚ አይደለሁም፣ ዓይኔ ደክሟል። ቀጥሎ ግን ሳይታወቃቸው ወደ ሥራው ገቡ። እኛ እኮ አሉ ጠ አለን፣ ጨ አለን፣ ቀ አለን፣ ፖላንዶቹ እነዚህ የሏቸውም፤ ሲቆም በጨ፣ ሲነሳ በቀ፣ ሲሮጥ በጠ ቢሆንስ? በፉርጎዎቹ ውስጥ ያለው ቋሊማስ ምን ይሁን? ልጅ ቋሊማ አያውቅም። «ቆጮ ይጫንበት» አልኳቸው። «ቆጮ! ጨ አለበት!» ብለው ጭኔን መቱኝ። የልጅ ልጃቸው በበኩሏ በሲዳምኛ እሞክረዋለሁ ብላለች፤ ትምህርት ቤት የምትማረው በሱ ነው።

ዛሬ ዉች ውስጥ፣ ፒዮትርኮፍስካ የሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ቱቪም በነሐስ ተሠርቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከ1999 ጀምሮ። ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል፣ አፍንጫውን ለገድ ይዳብሳል፤ አፍንጫው ከመዳበስ ብዛት ያብረቀርቃል። ጋሼ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው የላከላቸውን ፎቶ በስልካቸው አሳዩኝ። እሳቸው ከአፍንጫው ይልቅ ያዩት ጉንጩን ነው።

በደርግ ዘመን ወደ ፖላንድ፣ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ወደ ሃንጋሪ፣ ወደ ቡልጋሪያ ሄዳችሁ በየቋንቋው ተምራችሁ የተመለሳችሁ ብዙ ናችሁ። ኢንጂነር፣ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ ሆናችሁ አገልግላችሁ አሁን ጡረታ ላይ ናችሁ። በጓዳችሁ በተቀደደ ከረጢት ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አውጡት። እኛ የነሱን ግጥም በእንግሊዝኛ ጫማ ሲመጣ ብቻ ነው የምናየው፤ እናንተ ግን ከባለቤቱ አፍ ሰምታችኋል። አንድ ገጽ ትሁን፣ ለልጅ ልጆቻችሁ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም መልሷት።

የሐዋሳው ጋሼ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። አራት መስመር ጨርሰዋል፤ ባቡሩ ገና ከጣቢያ አልተነሳም።